ከፊልሙ በኋላ ማን ያገላብጠዋል?

«አትሌቱ»ን ያየሁት ሮቢት፣ እናቴ ቤት፣ የወንድሜ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ወልድያ የሚማር ጓደኛዬ በሚሞሪ ካርድ የሰጠኝን ፊልም ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ ስልኩን የስኳር ጣሳ አስደግፌ፣ ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። እናቴ ደጅ ከሰል እያራገበች በየመሃሉ ብቅ እያለች «አሁንስ ተነሳ?» ትለን ነበር። አልተነሳም። አበበ ቢቂላ ከመኪናው አደጋ በኋላ ቆሞ አልሄደም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ግን ፊልም ስለሆነ ተስፋ አደረገች መሰለኝ።

ፊልሙ አለቀ። ወንድሜ ጣሪያውን እያየ ትንሽ ዝም አለና፣ «ቤቱ ሲገባስ? ማን ነው ሲያገላብጠው የነበረ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ፊልሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ከወደድኳቸው የአገራችን ፊልሞች አንዱ ነው። ግን አንድ ሥራ ጥሩ ሆኖ ሳለ ቤታችሁ ውስጥ የተኛውን ሰው ጥያቄ ሳይነካ ሲያልፍ፣ ለምን እንዳለፈው መጠየቅ ያለባችሁ ይመስለኛል።

*

መጀመሪያ ስለኛ ቤት ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ሮቢት ከቆቦ በስተደቡብ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ከዚህ ወዲህ የማሽላ ማሳ፣ በመሃል አስፋልቱ። አያ (ታላቅ ወንድሜን የምጠራው እንዲህ ነው) ከሦስት ዓመት በፊት የማሽላ አገዳ ከጫነ አይሱዙ ላይ ወደቀ። አካባቢያችንን ለሚያውቅ ሰው ሥዕሉ ወዲያው ይመጣለታል፦ ጭነቱ ከመኪናው ቁመት እጥፍ፣ ከላዩ ላይ ሦስት አራት ጎረምሳ። ያዩት ሰዎች ሮጠው ደረሱ። ሁለቱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ ይዘው አነሱትና ባጃጅ ውስጥ አጥፈው ከተቱት። ክፉ አስበው አይደለም። ጀርባው ወይም አንገቱ የተጎዳ ሰው ሳይታጠፍና ጭንቅላቱ ሳይነቃነቅ፣ ለብዙ ሆኖ፣ በሳንቃ ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚነሳ የነገራቸው ሰው የለም። እኔም አላውቅም ነበር።

ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው ተላክን፤ ሌላውም ወደ ሌላ። በመጨረሻ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ቤት ውሰዱት» ተባለ። ከጡቱ በታች አይሰማውም፣ አያዝም። የተሰጠን ወረቀት ላይ የእሱ ስም፣ ዕድሜውና የጉዳቱ ዓይነት በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከነገ ጀምሮ ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ፊዚዮቴራፒስቱም እናቴ መሆኗን የሚናገር አንድም መስመር አልነበረበትም።

*

አሁን ወደ ፊልሙ። «አትሌቱ» እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ዴቪ ፍራንክልና ራሴላስ ላቀው ያዘጋጁት ሥራ ነው። አበበን ሆኖ የሚተውነውም ራሴላስ ራሱ ነው። ኢትዮጵያ ለኦስካር ሽልማት በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ያቀረበችው የመጀመሪያው ፊልምም ይኸው ነው። የድሮውን የኦሎምፒክ ምስል ከትወናው ጋር ሰፍቶ ይሄዳል፤ ስፌቱ ደግሞ የሚያምር ነው። ሮጦ የማይጠግበውን ሰው ካሳየን በኋላ እዚያው አልጋ ላይ ያስተኛዋል። ሙዚቃ እያስጮኸ አልቅሱ አይለንም። ራሴላስ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ዝምታ ግን አያን ራሱን ዝም አሰኝቶታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አያ ፊልም ሲያይ የሚያወራ ሰው ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ደገመው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ የራሱን ቮልስዋገን ወደ አዲስ አበባ እየነዳ ሳለ መኪናው ተገለበጠ። ከውስጡ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጉዳቱ አንገቱ ላይ ነበር። በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከና ስምንት ወር ያህል ታከመ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በኋላ እጆቹ ተመለሱለት። በ1962 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ስቶክ ማንዴቪል በሚደረገው የዊልቸር ውድድር ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ። ቀብሩ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኙ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአደጋውና በሞቱ መካከል አራት ዓመት ከሰባት ወር አለ። ከዚህ ውስጥ ሆስፒታሉ ስምንት ወር ነው። ውድድሮቹ ተደምረው የጥቂት ቀናት ጉዳይ ናቸው። የቀረው ቤት ነው። ፊልሙ ግን ልቡ ያለው መንገዱ ላይ፣ ሆስፒታሉ ውስጥና በረዶው ላይ ነው። የኖርዌዩ ክፍል ከሁሉ ያምራል፤ ነጭ ሜዳ፣ የውሾቹ ትንፋሽ፣ እንደገና የሚያሸንፍ ሰው። ችግሬም እዚህ ጋ ይጀምራል። ፊልሙ አበበን እንዲያሸንፍ ይፈልገዋል። እግሩ ባይመለስም ድሉ መመለስ አለበት። ድል ከሌለ ታሪኩን እንዴት እንደሚጨርሰው አያውቅም።

*

ስቶክ ማንዴቪልን ትንሽ ላብራራ፤ የአያ ጥያቄ መልስ ግማሹ እዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1944፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም እዚያ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ አይከርምም ነበር። የሚገድለው የተሰበረው አጥንት አይደለም፤ ከመተኛት የሚመጣው ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ ነው። ጉትማን ያመጣው ነገር ተአምር አልነበረም። ታካሚው በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ይገላበጥ አለ። ሽንቱ በንጽሕና ይውጣ አለ። ከዚያ ደግሞ ይሥራ፣ ይጫወት፣ ይወዳደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሰዎችን ቀስት አወዳደረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ዘሩ ያ ነው።

ይህን ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ነገር ፊልም ሠሪ ብሆን አልለቀውም ነበር። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ እዚያው ሮም ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ሰዎች በዊልቸር ለመወዳደር ተሰበሰቡ። በኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የተቆጠረው ያ ነው። የእኛ ሰው በባዶ እግሩ ታሪክ በሠራበት ከተማ፣ በዚያው ወር፣ የወደፊት ሕይወቱም በአጠገቡ አለፈች ማለት ነው።

እና ልነግራችሁ የፈለግኩት፦ የስቶክ ማንዴቪል ዋናው ሥራ ቀስቱ አይደለም፤ የሁለት ሰዓቱ ሥራ ነው። ቀስቱ የመጣው ገላቸው ሳይቆስል በሕይወት ከቆዩ በኋላ ነው። እኛ ግን ስንተርክ ቀስቱን እናነሳለን። ማገላበጥ ታሪክ አይመስለንም።

*

እኛ ቤት ስቶክ ማንዴቪል እናቴ ናት። በፈረቃ የሚቀይራት የለም። የስልክ አላርም ሞላንላት፦ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት። ሌሊቱን በሙሉ። አያን በግራ ጎኑ፣ ከዚያ በጀርባው፣ ከዚያ በቀኙ ታደርገዋለች። በጉልበቱ መሃል ትራስ፣ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ። ይህን ማንም አላስተማራትም። የተማረችው መቀመጫው ላይ በወጣ ቁስል ነው፤ ያ ቁስል እስኪድን ሰባት ወር ፈጀ።

ሌላም ነገር በጭንቅ ተማርን። አንድ ቀን ከሰዓት አያ ራሱን ሊፈነክተው ያህል አመመው፤ ፊቱ ቀላ፣ ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ። አንዷ ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለች፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ ዱዓ። ሁሉም ከፍቅር ነው። እናቴ ልብሱን ልትቀይርለት ገልበጥ ስታደርገው የካቴተሩ ቱቦ ከጭኑ ሥር ታጥፎ አገኘችው። ስታቃናው ሽንቱ ወረደ፣ ራስ ምታቱም ተወው። በኋላ ስጠይቅ፣ ህብለ ሰረሰሩ ከደረት አካባቢና ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ፊኛው ሲሞላ ወይም ሆዱ ሲደርቅ ሕመሙ በቀጥታ አይሰማውም፤ በምትኩ የደም ግፊቱ በድንገት ይወጣል ተባልኩ። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበቀውን ማላላት፣ ቱቦውን ማየት፣ ካልተሻለው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ችላ ከተባለ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው። ማንም አልነገረንም።

ሙቀቱም አለ። የራያ ቆላ ከሚያዝያ በኋላ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከጉዳቱ በታች ያለው ገላ እንደ ድሮው አያልበውም፤ ስለዚህ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። እናቴ ነጠላ እያረጠበች ታለብሰዋለች። ኖርዌይ በረዶ ላይ ያለፈውን አበበን ስናይ አያ የሳቀው ለዚህ ነው፤ «ለሱስ ቀዝቅዞለት» አለ።

*

የአበበ ልጅ ጽጌ አበበ የአባቷን ታሪክ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳትማለች። ርዕሱ ድልንና አሳዛኝ ዕጣን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው መጻፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከውጭ ሲጽፍ እሷ ከውስጥ ናትና። ቢሆንም ርዕሱን ሳየው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ድል አንድ ቀን ነው። አደጋ አንድ ሌሊት ነው። በሁለቱ መሃል የማይቆመው፣ የሚቀጥለው ኑሮ ስም የለውም። ስለ አበበ በተጻፈው ብዙ ጽሑፍ ላይ አንድ ሐሳቡ ይደጋገማል፦ ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ መቀበሉ። እኔም አከብረዋለሁ። ግን ጸሐፊዎቹ እዚያ ላይ ሲያቆሙ ያሳዝነኛል። እሱ ተቀበለ፤ እሺ። ባለቤቱ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስስ? አራት ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ያቺ ሴት ሌሊቱን እንዴት አደረችው? ስለ አበበ እግር ያልተጻፈ የለም። ስለ እሷ እጅ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ቋንቋችንም ያግዘናል ማለት አልችልም። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ «አብሽር፣ ትነሳለህ» ይለዋል። አብሽር የወሎ ልብ ያለበት ቃል ነው፣ አልጠላውም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ትነሳለህ» የተባለ ሰው በየቀኑ ባለመነሳቱ ያጠፋ ይመስለዋል። አያ አንድ ጊዜ፣ «ሰው ሲመጣ አፍራለሁ፣ ዛሬም ተኝቼ ስለሚያገኘኝ» ብሎኛል። ሌላው ቃላችን ደግሞ «ሽባ» ነው፤ እሱን ተዉት።

የጭንቅላት ጉዳት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ ሰፈር ባጃጅ ተገልብጦ ራሱን የተመታ ልጅ አለ። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ያወራል። ሰው ሁሉ «ድኗል፣ ተመስገን» ይላል። ግን ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ድሮ የሚወደውን አይወድም። እናቱ አንድ ቀን ቡና ላይ፣ «ልጄ ቤት አለ፣ ግን እናፍቀዋለሁ» አለች፤ ሴቶቹ ምን እንደሚመልሱላት ግራ ገባቸው። በሕይወት ላለ ሰው የሚለቀስ ለቅሶ የለንማ። ዊልቸር የለውም፣ ቁስል አይታይም። ስለሱ ፊልም ቢሠራ በምን ድል እንደሚያልቅ አላውቅም።

*

ጓደኛዬ (ሚሞሪ ካርዱን የሰጠኝ) ይህን ስነግረው ተቃወመኝ። «ፊልም የነርስ መማሪያ መጽሐፍ ነው እንዴ? ሁሉን ያሳይ?» አለ። ልክ ነው፣ አይደለም። እኔም መመሪያ አይደለም የጠየቅኩት። እኔ የምለው ታሪኩ እዚያ አለ ነው። አላርሙ ስምንት ሰዓት ሲጮህ እንቅልፏን ትታ የምትነሳ እናት፣ ላለመቀስቀስ ብሎ የነቃ መሆኑን የሚደብቅ ልጅ፣ በጨለማ የሚጣሉት ጠብ፣ ከጠቡ በኋላ የሚሳሳቁት ሳቅ። ከ42 ኪሎ ሜትር ይህ በምን ያንሳል? ተመልካች አይችለውም የሚል ካለ፣ እኛ ችለነዋል።

ፊልሙ የሰጠንን ግን ልካድ አልችልም። አያ አበበ ቀስት ሲወረውር ካየ በኋላ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሃይላንድ አሸዋ ሞልቼ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በእጁ ያነሳቸዋል። ሦስት ዓመት እግሩን ሲያይ የኖረ ሰው ያን ቀን እጁን አየ። አሁን ክንዱ ጠንክሮ፣ ራሱን በከፊል ይገለብጣል፤ የእናቴ ሌሊት በዚያ ልክ ቀለለ። ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ዊልቸር እንጠይቃለን ብለን ከመንገዱ ጋር እየተማከርን ነው። ስለዚህ ለጓደኛዬ መልሴ ይኸው፦ ፊልም መማሪያ አይደለም፣ ግን ያስተምራል። ካስተማረ አይቀር የእናቴንም ክፍል ይጨምርልን።

ሌላም ነገር ሆነ። እዚህ ዕድሩን ቅሬ ነው የምንለው። ቅሬ ለሞተ ይደርሳል፦ ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያበላል። ሳይሞት ለተኛ ግን ደንብ የለውም። እናቴ ባለፈው ጾም መያዣ ላይ፣ ወገቧ እምቢ ሲላት፣ ለቅሬው ሴቶች ፊት ለፊት ነገረቻቸው፦ «ስሞት ሦስት ቀን ልትቀመጡልኝ ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ሌሊት አሁን ስጡኝ።» ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ተከራከሩ። አንዷ የሰው ልጅ ገላ እንዴት እነካለሁ አለች። ሁለቱ ግን እሺ አሉ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ በየተራ እኛ ቤት ያድራሉ። እናቴ ትራሱን እንዴት እንደምታደርግ አሳየቻቸው፤ የትኛው ቆዳ ሲቀላ መፍራት እንዳለባቸውም።

ባለፈው ዓርብ እዚያው ነበርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ አላርሙ ጮኸ። እናቴ ከልማዷ ልትነሳ ብድግ ስትል እትዬ «ተኚ አንቺ፣ የኔ ተራ ነው» አለቻት። ወደ አያ ጠጋ ብላ አብሽርም፣ ትነሳለህም አላለችውም። «በየት በኩል ነህ አሁን?» አለችው። «በግራ፣ እትዬ» አላት።

ገለበጠችው።